የኡሜ ሺፎን በፍየል ተራ

ጭሮ ውስጥ ልብስ ሰፊ የማያውቀው ገመና የለም። ማን እንደወፈረች፣ ማን እንደከሳች፣ ማን ለሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ሠርጉ ሲቀር ለእህቷ እንደሰጠች፣ ሁሉም በእኔ ሜትር ስር ያልፋል። እንቁ እባላለሁ። ሱቄ የሐረር መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ነው። ምላሷ ትንሽ ሹል ነው ብለው ያሙኛል፤ ስፌቴን ግን ማንም አምቶት አያውቅም። የማወራችሁ ስለ ኡምኩልሱም ነው፤ ኡሜ ስለምንላት የፍየል ተራ ደላላ።

ኡሜ አርባዎቹን አጋምሳለች። ባሏ ድሮ ጅቡቲ ሄዶ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ገለምሶ ድራለች። ጎኗን የሚያሳርፍ ሥራ ይዛ አታውቅም፤ ጎህ ሲቀድ ፍየል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ፍየል። ገበያው ሲያመሰግናት "ኡሜ ወንድ ናት" ይላል። ይህ በእኛ ዘንድ ለሴት የሚሰጥ ትልቅ ሙገሳ ነው፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። ሴት ሆና ጎበዝ መሆኗ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ያመጡት ነገር ይመስለኛል።

ስለ ሥራዋ ትንሽ ላስረዳ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባም። እዚህ አገር የከብትና የፍየል ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው የገዢውን እጅ ይይዝና ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። ከዚያ በኋላ ወሬው በጣት ነው። ጣት ሲጨበጥ ሺህ፣ ጣቱ ከአንጓው ሲታጠፍ ግማሽ፣ መዳፍ ሲጫር ደግሞ "አይሆንም፣ ጨምር" ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ ሻጯ ዞሮ የእሷንም እጅ በጨርቁ ስር ይይዛል። ከተስማሙ ጨርቁ ይነሳል። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ፊት ብቻ ነው፤ የደላላ ፊት ደግሞ ምንም አይናገርም። ለዚህም ነው አንዳንዱ ደላላ ከገዢው ጣት የሰማውን ቆርጦ ለሻጯ የሚነግራት። ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ሁሉም ይጠረጥራል፣ ማንም አያይም።

ፍየል ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ሴት ደላላ ትፈለጋለች። ወንድ ገዢ ሲመጣ ኡሜ የሹራብ ጓንቷን ታጠልቃለች፤ ሃይማኖቱም ሥራውም ሳይጓደል ይውላል። ጨርቋ ደግሞ ካፖርቷ ነበር። ከሰልባጅ የገዛችው፣ ግራጫ፣ የወንድ፣ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ ካፖርት። የስንቱ ፍየል ዋጋ ከዚያ ካፖርት ጫፍ ስር ተቆርጧል። በጋ ከክረምት አታወልቀውም ነበር፤ ፍየል ፍየልም ይሸታል፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

አንድ ቀን ኪሱ ተቀዶባት ልታሰፋው መጣች። እስክጨርስ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ግድግዳው ላይ ለአንዲት ሚዜ የሰፋሁት ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ፈዛዛ ሮዝ ሺፎን፣ ደቃቅ አበባ የተበተነበት፣ እጅጌው ነፋ ያለ፣ አንገቱ በዳንቴል የተከበበ። ኡሜ ተነስታ ነካችው። የእጇ ቆዳ ሻካራ ስለሆነ ክሩን ያዘባት፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሚዜ።"

"ሚዜ ላልሆነ ሰው አይሰፋም?"

ማሽኑን አቆምኩ። ኡሜ ስትቀልድ አውቃታለሁ፤ ያን ጊዜ አልቀለደችም።

"ለማን ፈልገሽ ነው?" አልኳት።

"ለእኔ ነዋ። ልጅ ሆኜ የእህቶቼን አሮጌ ለበስኩ። ሳገባ አማቴ የመረጠችውን ለበስኩ። ከዚያ ወዲህ ይሄው" አለችና ካፖርቱን በአገጯ ጠቆመችው። "አቦ እንቁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለስለስ ያለ ነገር ልልበስ።"

ሜትሬን አነሳሁ። ወገቧን ስለካ እንደ ልጅ ተሽኮረመመች። "ወገቤን እስከ ዛሬ የሚያውቀው የፍየል ገመድ ብቻ ነው" አለችኝ፤ ሥራ ሲበዛባት ገመዱን ወገቧ ላይ ስለምትጠመጥመው ነው።

እንዲህ ያለው አለባበስ ግን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ኡሜ ስልኬ ላይ ያየችውን ሁሉ በአንድ ቀሚስ ላይ ፈለገች፤ ሽንሽኑንም፣ ዳንቴሉንም፣ ከኋላ የሚታሰር ጥብጣቡንም፣ ደረት ላይ የሚሰፋ ጽጌረዳውንም። በዛ አልኳት፣ አልሰማችኝም። ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም የልደት ኬክ መሰለች። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ከዚያ ፈታሁት። ቀጥሎ ነጭ ሞከርን። ነጩ ፊቷን አጠፋውና አልጋ ልብስ የተከናነበች አስመሰላት። በመጨረሻ መጀመሪያ ወዳየችው ወደ ፈዛዛው ሮዝ ተመለስን። ሽንሽኑን ከጉልበት በታች ብቻ አስቀረሁ፣ ውስጡን በደንብ ገበር አለበስኩት፣ ጽጌረዳውን ጣልኩት። ከተረፈው ሺፎን ከሻሿ ላይ ጣል የምታደርገው ረጅም መደረቢያ ቆረጥኩላት። ለመደረቢያ ገበር የሚያስገባ የለምና እሱ ስስ ሆኖ ቀረ፤ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይነሳል። ኡሜ ከሁሉም የወደደችው እሱን ነው። መስታወቱ ፊት ወዲያና ወዲህ እያለች ሲከተላት ታየው ነበር።

ፍየል ተራ ለብሳው ወጣች። ከታች ቦቲ ጫማዋን አላወለቀችም፤ የፍየል ተራ ጭቃ ለማንም አያዝንም። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ፍየል ከኋላዋ መጥታ ጥብጣቧን በላችው። ኡሜ ያወቀችው ወደ ኋላ ስትጎተት ነው። ማታ ግማሹን ጥብጣብ ይዛ መጥታ "ይሄን ያህል የሚወደድ ከሆነ ጥሩ ሰፍተሻል ማለት ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጥብጣብ ቀረ።

ወሬው ግን አልቀረም። አንዷ ልታገባ ነው አለች። አንዷ ልጇ ዓረብ አገር ገብታ ገንዘብ ልካላት ነው አለች፤ ልጅቷ ገለምሶ ከባሏ ጋር ቡና ስትለቅም። ሌላዋ የሆነ ነገር አስነክተዋት ነው ብላ ውሃ ላይ ቁርኣን አስቀርታ እንድትጠጣ መከረቻት። እዚህ ባል የሌላት ሴት ሠርግ ሳይኖር አጊጣ ከወጣች ነገሩ እንደ ግብዣ ይቆጠራል። እናም የሂርናው አትክልት ነጋዴ አብዱናስር ሽማግሌ ላከባት። ኡሜ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጣ ሻይ ቀዳችላቸው።

"አብዱናስር የት አይቶኝ ነው?" አለቻቸው።

"ፍየል ተራ።"

"ከእኔ ፍየል ሲገዛ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ኧረ ብዙ ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?"

ሽማግሌዎቹ በጺማቸው ውስጥ ሳቁ። መርቀዋት ሄዱ፤ አብዱናስርም አልተቀየመም፣ አሁንም ፍየል የሚገዛው ከእሷ ነው።

እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ለምን እንደለበሰችው ይጠይቃል፤ ለብሳው ምን እንደምትመስል የሚነግራት ጠፋ። እኔማ ነግሬያታለሁ፣ ግን "አንቺማ የሰፋሽው ነሽ" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። አንድ ቀን ከዳንቴሏ ላይ የተረፈ ክር ስቆርጥላት እንደ ዋዛ አወራችኝ።

"ሰበብ ሲያጡልኝ እኮ ይቸገራሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ሳይመረምረኝ አየት አድርጎ ቢያልፍ ደስ ይለኝ ነበር።"

ክሩን ቆርጬ ሌላ የተረፈ ክር ፈለግኩላት።

እስከዚያ ድረስ ካፖርቱ ጨርሶ አልተሰናበተም ነበር። ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ይዛው ትሄድና ለድርድሩ ትጠቀምበታለች። ቀኖቹ እየሞቁ ሲመጡ ሰለቻትና ቤት ትታው ወጣች። ድርድር ሲመጣ የመደረቢያዋን ጫፍ በእጆቿ ላይ ጣል አደረገች። ሮዝ ነገር እጇ ላይ ሲያርፍ ደስ አላት እንጂ ሌላ አልታሰባትም። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ነበረች። ሺፎን ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን ሰፊ ያውቃል፤ የፍየል ደላላ ከየት ታውቃለች።

ጠዋቱን ሙሉ እንዲያ ሸጠች። የከተማው ሰው ቀሚሷን እያየ ስለሚንሾካሾክ እጇን ያየ አልነበረም። ያዩት የቦርደዴ ሴቶች ናቸው። ፍየሎቻቸውን በአይሱዙ ጭነው ከቆላ የሚመጡ፣ ጥላ ስር ተቀምጠው ዝም ብለው የሚመለከቱ ሴቶች። ከእነሱ ትልቋ አዴ ፋጤ ናቸው፣ እናታችን ፋጤ እንደማለት፤ ብዙ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ደግሞ ማንም የማይመልስላቸው አሮጊት።

ከሰዓት የልኳንዳ ቤቱ ሞገስ አንድ የሰባ ሙክት ሊገዛ እጁን ሰጣት። ጣቶቹን ጨብጣ ገና ሳትለቅ አጠገቡ የቆመው ሌላ ገዢ "ግማሽ ጨምሬበታለሁ" አለ። ሞገስ ዞሮ አየው። ከዚያ ወደ እጁ አየ። ከዚያ ሁሉም ወደ እጁ አየ። ከሮዙ ጨርቅ ስር የአምስቱም ጣቶቹ ጥፍር ሳይቀር ይታያል።

ሳቁ ከፍየል ተራ አልፎ እህል ተራ ድረስ ተሰማ አሉ። ሞገስ ግን አልሳቀም፤ የተሰደበ መሰለውና ትቶ ሄደ። ወዲያው የደላሎቹ አለቃ በክሪ መጣ። በክሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እንጀራው ከጨርቅ ስር ነው።

"ኡሜ፣ ማሎ፣ ይሄ ነገር ይብቃሽ" ሲል ለመናት። "ለሚመጣው ገበያ ወይ ካፖርትሽን ለብሰሽ ነይ፣ ወይ ቦታሽን ለሌላ ልቀቂ። ሰው ዋጋው ተገልጦ እጁን አይሰጥሽም።"

በዚያ ምሽት ሱቄ መጥታ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ኡሜ የምታለቅስ ሰው አይደለችም። መደረቢያዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ትዳብሰዋለች። እኔ መላ አመጣሁ ብዬ ተነሳሁ።

"አምጪው፣ ገበር ላስገባበት። ተመሳሳይ ቀለም አለኝ። ላዩ ያው ነው፣ ስሩ አይታይም።"

"ገበር ከገባበት ይነሳል?"

"ምን?"

"ነፋስ ሲመታው እንደዚህ ይነሳል ወይ?"

አይነሳም። ሁለታችንም እናውቃለን። ስስ ነገር ላይ ገበር ስታስገቢበት ይከብዳል፣ ይጋደማል፤ መጋረጃ ይሆናል።

"እንግዲያው ካፖርቱን ያዢና ለድርድሩ ብቻ ተጠቀሚበት፤ እንደ በፊቱ ክንድሽ ላይ አድርጊው" አልኳት።

"ክንዴ ላይ ካደረግኩት ነገ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ልበሺው ይላሉ። አውቃቸዋለሁ። አንዴ ከመለሱኝ ሮዙ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያረጀው።" መደረቢያውን ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው። "ፈርቻለሁ እንቁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ከእሱ ሌላ ምንም አላውቅም።"

በሚቀጥለው ገበያ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት። ደንበኞቼ ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ቀን ማሽን ፊት መቀመጥ አልቻልኩም። ኡሜ ሮዙን ለብሳለች፣ መደረቢያዋን ጣል አድርጋለች፣ ካፖርቱ የለም። ቦታዋ ላይ ሄዳ ቆመች። በክሪ ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ገዢዎች በአጠገቧ ሲያልፉ ሰላም ይሏታል፣ እጃቸውን ግን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። እንደዚያ ብቻዋን ቆማ ሳያት እኔ ራሴ ሄጄ አንድ ፍየል ልግዛ አልኩ፤ የት እንደማስራት እግዜር ይወቅ።

ያን ጊዜ የቦርደዴው አይሱዙ መጣ። ሴቶቹ ፍየሎቻቸውን አወረዱ። እንደ ልማዳቸው በየደላላው ዘንድ አልተበተኑም። አዴ ፋጤ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ፣ ሌሎቹ ፍየል እየጎተቱ ተከተሏቸው፣ ሁሉም ኡሜ ዘንድ ሄደው ቆሙ። ፍየል ተራው በሙሉ ወደዚያ ዞረ።

በክሪ ጠጋ ብሎ ለአዴ ፋጤ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸው፤ ጨርቋ ስስ ነው፣ ሥርዓት አይደለም እያለ ነው። አሮጊቷ አላስጨረሱትም። ገበያው እንዲሰማ ብለው በአማርኛ መለሱለት።

"ስስ መሆኑን እኛ ካንተ ቀድመን አይተናል። ባለፈው ገበያ ቁጭ ብለን ጠዋቱን ሙሉ ጣቷን አየን። ከገዢ የሰማችውን ለእኛ ነገረች፤ አንድ ጣት አልቀነሰችም። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ፍየል ሸጥኩ፣ የደላላ ጣት ይቀንስ ይጨምር ግን አንድ ቀን እንኳ ለማየት አልቻልኩም፤ ያንተንም ጭምር። ይቺ ሴት ሐቋን ልታሳየን ብላ ነው ስስ የለበሰችው። አላህ ይስጣት።"

"ማሻአላህ" አሉ ከኋላ ያሉት። "አሚን" ያሉም ነበሩ። በክሪ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ካሰበበት በኋላ እሱም "ለሐቅ ከሆነማ ምን ይባላል" አለ። አየሁት፤ የሚወጣበትን በር እየፈለገ ነው። ገዢዎቹም እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ፍየሎቹ ወደቆሙበት መምጣታቸው የግድ ነው።

እኔ በልቤ "ዝም በዪ" አልኳት። ሁሉ ነገር አለቀ እኮ። ቦታዋ ተመለሰ፣ ወሬው ተቆረጠ፣ ቀሚሱም ክቡር ልብስ ሆነ። ራሷን ዝቅ አድርጋ "አልሐምዱሊላህ" ብትል እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ማንም ስለ ሮዝ አይጠይቃትም።

ኡሜ ፊቷ ሲቀላ አየሁ። አፏን ስትከፍት አየሁ።

"አዴ ፋጤ፣ ወላሂ ለሐቅ ብዬ አይደለም" አለች። "መታየቱን አላወቅኩም ነበር። ጣቴን ድሮም በካፖርቱ ስር አልቀንስም ነበር፤ እሱ ለብቻው ነው። ይሄን የለበስኩት ስለሚያምር ነው። ለስለስ ስለሚል። ስሄድ ስለሚከተለኝ። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም፤ እንዳልዋሽዎት።"

ማሻአላህ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። በክሪ ያገኘው በር የተዘጋበት ይመስል ወደ እኔ አየ፤ እኔ ምን ላድርገው።

አዴ ፋጤ ወደ ኡሜ ቀረቡ። ዱላቸውን ለአጠገባቸው ሴት ሰጡና የመደረቢያውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ። የእሳቸውም እጅ ክሩን ያዘው። ቀስ ብለው አላቀቁት። ወደ ፀሐይ አንስተው አዩበት፤ ዳንቴሏን አዩ፣ ሽንሽኗን አዩ፣ ቦቲዋ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ነገር አለፈ።

"እሱስ ያምራል" አሉ።

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው የሰፋው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሴቶቹ ወደ እኔ ጠቆሙ። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች ለኩኝ፤ እኔ ሰው ስለካ እንደዚያ አላደርግም።

"አንቺ ነሽ ሰፊዋ? ከገበያው በኋላ እመጣለሁ። ለእኔ ቢጫ ይሁን። ገበር እንዳታስገቢበት።"

አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ አዴ ፋጤ ግን ከልባቸው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ከኡሜ መደረቢያ ስር አስገቡ፤ የመጀመሪያዋን ፍየል መነሻ ዋጋ በጣት ሊነግሯት ጠበቁ።

ኡሜ ወዲያው አልጨበጠቻቸውም። ጎንበስ ብላ የፍየሏን ጥርስ ማየት ጀመረች፤ የፍየሏ ዕድሜ ግን ከሩቅ ያስታውቃል፣ ጥርሷን የሚጠራጠር አልነበረም። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና እስክትል ድረስ ቆየች። ማንም አላስቸኮላትም።